ከጭራው የተነበበ ደብዳቤ

ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ስድስት ቀን ነው። ልቡ ደህና ለሆነ ሰው ስድስት ቀን ምንም አይደለም፤ ልቡ ለተሰበረ ሰው ግን ስንት እንደሚሆን እሷን ጠይቋት። ሰኞ ጠዋት የመጣላትን ክብ ቆርቆሮ መደርደሪያው አናት ላይ ሰቅላ፣ ክዳኑን በፕላስተር ጠርቅማ፣ ቀና ብላ ላለማየት ስትታገል አንገቷ ደርቆ ነበር።

አባቷ «ያ ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቃት «ኮምጣጤ ጀምሮታል» አለችው። የአሮጌ ፊልም ሥራ የሚያውቅ ሰው ይህን ከሰማ ሌላ ጥያቄ አይጨምርም። ፊልም ሲያረጅና መበስበስ ሲጀምር ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል፤ ሕመሙም ወደ ጤነኛው ይጋባል፤ ስለዚህ ተለይቶ ይቀመጣል። አርባ ዓመት ሙሉ በሲኒማ ቤት ፊልም ሲያጫውት የኖረው አባቷ «ነፍስ ይማር» አለና ቆርቆሮውን ተወው።

ውሸቷን ነበር። ፊልሙ ደህና ነው፤ ደህና ያልነበረችው እሷ ናት።

ከመካከል የገባ አንባቢ እንዳይቸገር ትንሽ ወደ ኋላ እንበል። እሷ የተቀደደ ፊልም ትቀጥላለች። በአባቷ ሱቅ ጀርባ፣ አንድ መስኮት ባላት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ በሁለት ማጠንጠኛዎች መካከል ተቀምጣ ፊልሙን በእጇ እያዞረች፣ የተበላሸውን ትቆርጣለች፣ ትፍቃለች፣ ታጣብቃለች። ጣቶቿ ሁልጊዜ ሙጫ ሙጫ ስለሚሸቱ የሰፈሩ ሰው በሙሉ «ሙጫ» እያለ ነው የሚጠራት። እውነተኛ ስሟን የሚያስታውሰው መታወቂያዋ ብቻ ነው።

እሱ ደግሞ የአጥንት ሐኪም ነው። ከስምንት ወር በፊት በአንድ ቅዳሜ ቆርቆሮ በብብቱ ይዞ ሱቁ ገባ።

«ምን ፊልም ነው?» አለችው።

«ካርቱን።»

«ለልጅዎ ነው?»

ጆሮው እስኪቀላ አፈረ። «አይ… ለራሴ ነው።»

ፊልሙ ከስድሳ ዓመት በፊት፣ እያንዳንዱ ሥዕል በእጅ ተስሎና በቀለም ተቀብቶ የተሠራ ነበር። አንድ ፍየልና አንድ ወፍራም ዘበኛ አሉ። ፍየሉ ጎመን የተተከለበት ግቢ መግባት ይፈልጋል፤ ዘበኛው አላስገባም ይላል። አለቀ፤ ታሪኩ ይኸው ነው። የቀረው መውደቅ ነው። ዘበኛው ከመሰላል ይወድቃል፤ ፒያኖ ይወድቅበታል፤ እንደ ወረቀት ተዳምጦ ይሳሳል፤ ከዚያ ብድግ ብሎ፣ ቆቡን አቃንቶ፣ እንደገና ያባርራል። ሙዚቃውም አብሮት ይሮጣል፤ እሱ ሲንሸራተት ቫዮሊኑ ይንሸራተታል፤ እሱ ሲወድቅ ከበሮው አብሮ ይወድቃል።

«እኔ ቀኑን ሙሉ የማየው ወድቀው መነሳት ያቃታቸውን ሰዎች ነው» አላት ሐኪሙ። «ቤቴ ስገባ ወድቆ የሚነሳ ሰው ማየት ያምረኛል።»

ልቧ የሸፈተው በዚህች ቃል ነው። እንዳይታወቅባት አጉሊ መነጽሯን አንስታ ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘረጋችው።

«ፍየሉ ስንት እግር አለው?» አለችው።

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? አራት ነዋ።»

«ይቁጠሩ።»

አጎነበሰና ቆጠረ። ዘጠኝ። ደግሞ ቆጠረ፤ ያው ዘጠኝ። ፍየሉ በጣም ስለሚሮጥ ሠዓሊው በዚያች አንዲት ሥዕል ላይ ዘጠኝ እግር ሰጥቶታል፤ ፊልሙ ሲዞር ግን የማንም ዓይን አይይዘውም።

«በልጅነቴ መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ» አለ ሐኪሙ። «አንድም ቀን…»

«ማንም እንደማያየው እያወቀ ነው የሣለው» አለችው። ቀና ሲሉ በፊታቸው መካከል ያለው ርቀት ስንዝር አይሞላም ነበር። ሁለቱም ስለ አየሩ ሁኔታ ማውራት ጀመሩ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ሁሉ የእነሱ ሆነ። አርባ አንድ ቆርቆሮ ነበረው፤ ከተዘጉ ሲኒማ ቤቶች መጋዘን፣ ከትምህርት ቤት ምድር ቤት፣ አንዱንም በር ማስደገፊያ ካደረጉት ሰዎች እጅ የሰበሰበው። የዚያ ዘመን ፊልም አብዛኛው ዕድሜው ሲገፋ ቀለሙ ሁሉ ይሄድና ሮዝ ብቻ ይቀራል። ጎመኑ አረንጓዴ ሆኖ የቆየ ቅጂ ከተገኘ፣ በዚያ ላይ መግቢያው በኋላ በተቀየረው ተራ ጽሑፍ ሳይሆን ሠዓሊዎቹ ራሳቸው በጻፉት ጌጠኛ ጽሑፍ የሚጀምር ከሆነ፣ ሐኪሙ ያን ሳምንት መሬት አይነካውም። እሷም ታሾፍበታለች። «ሚስት ያገባህ ዕለት እንኳ እንዲህ ደስ አይልህም» ብላው አንድ ቀን ከአፏ ካመለጠ በኋላ፣ ሁለቱም ለረጅም ጊዜ ፊልሙን አፍጥጠው አዩት።

ደብዳቤ የጀመሩት ግን በሥራው ደንብ ነው። ፊልም ለጥገና ሲላክ፣ የተቀደደው ቦታ እንዳይጠፋ ጠባብ ወረቀት ጥቅሉ ውስጥ ይሰካል፤ ጠጋኙ እያዞረ ሲሄድ ወረቀቱን ሲያገኝ እዚያ ጋ ይቆማል። የሐኪሙ ወረቀቶች መጀመሪያ «እዚህ ጋ ተቀድዷል» ይሉ ነበር። በሦስተኛው ወር «እዚህ ጋ አልተቀደደም፤ ግን ፍየሉ ሲስቅ አንቺን ይመስላል» የሚል መጣ። እሷም መልሷን በዚያው ጥቅል ውስጥ ሰክታ ትመልስለታለች። አንድ ነገር ብቻ ያናድዳት ነበር፤ ሐኪሙ ፊልም አይቶ ሲጨርስ ወደ መጀመሪያው መልሶ አይጠቀልልም። ሁልጊዜ ጭራው፣ የፊልሙ መጨረሻ፣ ወደ ውጭ እንደሆነ ያመጣዋል። «አንተ እኮ ተመልካች ነህ እንጂ ሠራተኛ አይደለህም!» ትለዋለች። እሱ ይስቃል። ሲስቅ ደግሞ ቁጣዋ ሁሉ የት እንደሚገባ አታውቀውም።

ከዚያ እናቱ ዘንድ ወሰዳት።

እናቱ ዳኛ ናቸው። ባላቸውን ከቀበሩ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ቤታቸው ግድግዳው የሕግ መጽሐፍ፣ ወለሉ ጫማ የሚያሳፍር መስታወት ነው። ልጃቸው ከሆስፒታል ተደውሎለት ወደ ውጭ ሲወጣ ፊታቸውን ወደ እሷ መለሱ።

«ሥራሽ ምንድን ነው፣ የኔ ልጅ?»

«የተቀደደ ፊልም እቀጥላለሁ።»

«ያንን የፍየል ሥዕል?»

«አዎ።»

ዳኛዋ ድምፃቸውን ሳያነሱ ነው የተናገሩት። «ልጄ የሰው አጥንት ይቀጥላል። አንቺ የፍየል ሥዕል ትቀጥያለሽ። ሁለቱ በአንድ ሚዛን አይቀመጡም። አንቺን ለመናቅ አይደለም፤ ነገ እንዳታዝኑ ነው።»

መልስ ነበራት። ግን መልሱን ትታ ቦርሳዋን አነሳች። ሐኪሙ ሲመለስ ዓይኑን ሳታይ «መሄድ አለብኝ» አለችና ወጣች። እሱም አልተከተላት። ከሁሉ ይልቅ ያቃጠላት አለመከተሉ ነበር።

ሰኞ ቆርቆሮው በመልእክተኛ እጅ መጣ። ወዲያው ከፈተችው። ገና ሁለት ዙር ሳታዞር የመጀመሪያውን ወረቀት አገኘች፤ «ከእንግዲህ የተቀደደ ፊልም እያመካኘሁ ሱቅሽ አልመጣም።» ትንሽ አዞረችና ሁለተኛውን አገኘች፤ «የሩቁን ከተማ ሥራ እቀበላለሁ።» አንድ የሩቅ ከተማ ሆስፒታል ሥራ እንዳቀረበለት ከወር በፊት ነግሯት ነበር። ሦስተኛውን ለማየት አቅም አልነበራትም። ወረቀቶቹን እንደ ተሰኩ ትታ ፊልሙን መልሳ ጠቀለለች፤ ክዳኑን ገጠመች፤ ቁጥሩንም ከስልኳ ላይ አጠፋች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይህ ነው አለች፤ ከልብ ካለቀሱ ደግሞ እንባ አይገድምና አለቀሰች።

አሁን ቅዳሜ ነው። ከቀኑ ስምንት ተኩል አልፏል። እሷ ከፊት ሆና ለአንድ ደንበኛ የፕሮጀክተር አምፖል ስትጠቀልል፣ ከጀርባ ክፍል የአባቷ ድምፅ መጣ።

«ሙጫዬ! እስቲ ነይ!»

ደንበኛውን ሸኝታ ገባች። አባቷ ማጠንጠኛው ፊት ተቀምጧል። ያ ቆርቆሮ ተከፍቷል። ፊልሙ ከአንዱ ማጠንጠኛ ወደ ሌላው ተዛውሮ አልቋል፤ ጠረጴዛው ላይ ሰባት ጠባብ ወረቀቶች ተደራርበው ተቀምጠዋል።

«ይሄ ፊልም ኮምጣጤ ጀምሮታል ብለሽኝ ነበር» አለ።

«ብዬህ ነበር፣ አባዬ።»

«እኔ ጡረታ ወጣሁ እንጂ አፍንጫዬ አልወጣም። ይሄ ፊልም እንደ አራስ ልጅ ደህና ነው።» ወረቀቶቹን በጣቱ ነካቸው። «የሰው ደብዳቤ አላነብም። እያገኘሁ አንዱን በአንዱ ላይ ከመርኩት እንጂ። ግን ዓይን በር የለውም፤ የላይኛውን አይቻለሁ።»

«እኔም አንብቤዋለሁ። ትቶኛል።»

«ስንቱን አነበብሽ?»

«ሁለቱን።»

«የትኞቹን ሁለት?»

ከክምሩ ሥር ያሉትን ሁለቱን አሳየችው። አባቷ ቀስ ብሎ መሳቅ ጀመረ፤ የሚስቀው ነገር ምን እንደሆነ ስላልገባት ልትቆጣው ምንም አልቀራት።

«ይሄ ሐኪም ፊልም ወደ መጀመሪያው መልሶ ጠቅልሎ ያውቃል?»

«እሱ? አንድም ቀን—» አለችና ዓይኗ ማጠንጠኛው ላይ ወደቀ።

ሐኪሙ ፊልሙን ከራሱ ጀምሮ እያዞረ፣ ደብዳቤውንም ከመጀመሪያው ጀምሮ እየሰካ ሄዷል። ሲጨርስ እንደ ልማዱ ሳይመልሰው ላከው። ስለዚህ የደብዳቤው መጨረሻ ከውጭ ቀረ፤ መጀመሪያው መሐል ውስጥ ተቀበረ። እሷ፣ በዚህ ሥራ ያደገችው እሷ፣ ደብዳቤውን ከጭራው አንብባ ስድስት ቀን አልቅሳለች።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አለ አባቷ። «በይ አሁን ከላይ ጀምሪ።»

አንድ በአንድ አነሳቻቸው።

«እናቴ ያለችሽን ሰምቻለሁ። በሩ ላይ ነበርኩ።»

«አለመከተሌ ያሳፍረኛል። እግሬን ያሰረኝ ንዴት ነው። መጀመሪያ ከእናቴ ጋር መጨረስ ነበረብኝ።»

«እኔ ይህችን ልጅ ካልሆነ ማንንም አላገባም አልኳት። እሷም፦ ያን ዕለት አንድ ቃል አልመለሰችልኝም፤ የምትፈልግህ ከሆነ ራሷ መጥታ ትንገረኝ አለች።»

«ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ከአባትሽ ጋር ቤታችን ነይ። ፕሮጀክተሩንም ያዢ፤ እናቴ ፍየሉን አይታው አታውቅም።»

«የማትፈልጊኝ ከሆነ ግን አትምጪ። ካልመጣሽ ይገባኛል፤ አላስቸግርሽም።»

«የሩቁን ከተማ ሥራ እቀበላለሁ። መልስ የሚጠብቁኝ እስከ ቅዳሜ ነው።»

«ከመጣሽ ደግሞ፣ ከእንግዲህ የተቀደደ ፊልም እያመካኘሁ ሱቅሽ አልመጣም። በፊት ለፊት በር እመጣለሁ።»

ሰኞ ዕለት ይህን የመጨረሻውን ወረቀት ያነበበችው መሐሉን ብቻ ነበር፤ ጥቅሉ ውስጥ የተሰካው ጫፍ «ከመጣሽ ደግሞ» የሚለውን፣ የታጠፈው ጫፍ ደግሞ «በፊት ለፊት በር እመጣለሁ» የሚለውን ሸፍኖት ነበር። ደረቷ ውስጥ ስድስት ቀን ተቀምጦ የነበረው ድንጋይ ተንከባለለ። በቦታው የገባው ደስታ ነው ብላ ስታስብ ዓይኗ ግድግዳው ሰዓት ላይ አረፈ። ለዘጠኝ አሥር ጉዳይ።

«ደውዪለታ!» አለ አባቷ።

«ቁጥሩን ሰኞ ዕለት አጠፋሁት።»

«በቃልሽስ?»

«አባዬ፣ በዚህ ዘመን ማን ቁጥር በቃሉ ይይዛል!»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። የመለዋወጫ ሣጥኑን ስታነሳ ተገለበጠባት፤ ተንበርክካ ለቀመች። ሙጫውን አስገባች፣ የፊልም ጫፎች ተጭነው የሚጣበቁበትን መጫኛዋን አስገባች፣ ፊልሙን ረሳች፣ ከበር ተመለሰች። አባቷ ደግሞ ከረባት ካላሰርኩ ብሎ አሻፈረኝ አለ። «ለልጄ ጉዳይ ዳኛ ፊት ነው የምቀርበው!» አለ። ሲጨርስ ዘጠኝ ከሩብ ሆነ። ታክሲው ግማሽ መንገድ ሳይሄድ ጎማው በፈነዳ ጭነት መኪና ጀርባ ቆመ። ማሽኑን በግራና በቀኝ ተሸክመው በእግራቸው ተያያዙት። እርጥብ ንጣፍ ላይ ሲደርሱ አባቷ አዳለጠውና በሙሉ ክብሩ፣ በሙሉ ከረባቱ፣ ቁጭ አለ። ማሽኑን ግን ወደ ላይ አንስቶ አድኖታል።

«አባዬ!»

«ተነሥቻለሁ! ተነሥቻለሁ አልኩሽ እኮ፣ ሂጂ!» አለ ገና ተቀምጦ ሳለ። ሳቋ መጣ፤ እንባዋም መጣ። ሁለቱን ይዛ፣ ማሽኑን በአንድ ጎን አንሥታ፣ ከአባቷ ጋር ሮጠች።

በሩን የከፈቱት ዳኛዋ ናቸው። የግድግዳ ሰዓታቸውን አዩ፤ ከዚያ እሷን፣ ከዚያ ማሽኑን፣ ከዚያ የአባቷን መቀመጫው የረጠበ ሱሪ አዩ።

«ሃምሳ ደቂቃ» አሉ።

ከኋላቸው ሐኪሙ ከምግብ ጠረጴዛው ተነሥቶ ቆሟል። ፊቱ ላይ ያየችውን ነገር ለማንም አልተናገረችም፤ ጠፍቶ የነበረ መብራት ድንገት ሲመለስ የሚመስል ነው። እጁ ላይ ለሩቁ ከተማ ሆስፒታል የተጻፈ የታሸገ ፖስታ ይዟል።

«ቀረሽ ብዬ…» አለ።

«ከጭራው አነበብኩት!» አለች እያለከለከች። «አሁንም አልመለስከውም! ስንት ጊዜ ነው የነገርኩህ? ስድስት ቀን! ስድስት ቀን የተውከኝ መስሎኝ…» መቀጠል አቃታት። እሱ ነገሩ ሲገባው እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ፤ ከዚያ ፖስታውን አንድ ጊዜ ለሁለት፣ ደግሞ ለአራት ቀደደው።

«ይሄን እንዳትቀጥይው» አላት።

ወደ እሱ ልትሮጥ ነበር፤ ግን ዳኛዋ መካከል ናቸው። ደግሞም ዕዳ ነበረባት፤ የመልስ ዕዳ። ማሽኑን ወለሉ ላይ አስቀመጠች።

«ያን ዕለት አልመለስኩልዎትም። አሁን ልመልስ?»

«መልሺ።»

«እውነትዎን ነው። አጥንትና የፍየል ሥዕል በአንድ ሚዛን አይቀመጡም። ግን ልጅዎ ቀኑን ሙሉ የሰው ስቃይ ተሸክሞ ነው የሚመጣው። ያን የሚያወርድለት ፍየሉ ነው። ያ ፍየል ደግሞ እስከ ዛሬ የሚሮጠው እኔ ስለቀጠልኩት ነው። ትንሽ ሥራ ነው ካሉኝ፣ እሺ፣ ትንሽ ሥራ ይሁን። እኔ ግን እወደዋለሁ። ሥራውንም፣ ልጅዎንም።»

ፍርሃት ይዟት የቆመች መስሏት ነበር፤ ግን አልፈራችም። እንዲህ ቀልሏት አታውቅም።

ዳኛዋ ወደ ፕሮጀክተሩ ጠቆሙ። «በቃል ብቻ አልፈርድም። ማስረጃውን አቅርቢ።»

መጋረጃው ተጋረደ። ከግድግዳው ላይ አንድ ሥዕል ወረደ። ማሽኑ ማንጎራጎር ጀመረ፤ ጌጠኛው ጽሑፍ መጣ፤ ጎመኑ እንደ ተቀባበት ቀን አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። ዘበኛው ሳሙና ረግጦ ወደቀ። ዳኛዋ መነጽራቸውን አስተካከሉ። ዘበኛው ደግሞ ረግጦ ወደቀ።

«ሳሙናውን እዚያ ያስቀመጠው ማነው?» አሉ ዳኛዋ።

ዘበኛው ሦስተኛ ጊዜ ወደቀ።

«ቆይ፣ ለምን አያነሳውም? ይሄ እኮ ግልጽ ቸልተኝነት ነው!»

በአራተኛው ዘበኛው ብልህ ሆነ። ሳሙናውን ከሩቅ አየው፤ በጣቱ ዛተበት፤ ሱሪውን ሰብስቦ በታላቅ ጥንቃቄ ዘለለው። ሌላ ሳሙና ላይ አረፈ።

የዳኛዋ ትከሻ መጀመሪያ ተንቀሳቀሰ። መሐረባቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፤ አልጠቀመም። ሳቁ ከየት እንደሚመጣ ሳያውቁት መጣና ጣላቸው። ሐኪሙ ፊልሙን ትቶ እናቱን ያይ ነበር። እሷ ደግሞ እሱን ታይ ነበር፤ ዓይኑ እንባ እንዳቀረረም አየች።

በዚህ መሐል ጠሽ አለና ግድግዳው ነጭ ሆነ። ፊልሙ ተበጠሰ።

«ምን ሆነ?» አሉ ዳኛዋ ከወንበራቸው ብድግ ብለው። «ዘበኛውስ?»

«የድሮ ቅጥል ነው፤ የኔ አይደለም!» አለች ሙጫ ቶሎ ብላ። ሰው ለሞያው ክብር አለው። መብራት በራ። መጫኛዋን ምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፤ ጫፎቹን ፋቀች፤ ሙጫ ቀባች። «ና ያዝልኝ» አለችው። ሐኪሙ መጥቶ ጣቱን ጣቷ ላይ አድርጎ መጫኛውን ያዘ። ሙጫው እስኪይዝ እስከ ሃያ ይቆጠራል፤ እስከዚያ እጅ አይነሣም።

«አንድ» አለ ሐኪሙ። «ሁለት። ሦስት። ታገቢኛለሽ?»

ፊቷን የምትሸፍንበት እጅ አልነበራትም። «እጄን ልልቀቅና… እመልስልሃለሁ።»

«የለም» አሉ ዳኛዋ፣ እንባቸውን እየጠረጉ። «ጥያቄው ግልጽ ነው። አሁኑኑ ይመለስ።»

«እሺ» አለች፤ ድምፅዋ ከከንፈሯ አላለፈም።

«ከኋላ የተቀመጥነው አልሰማንም!» አለ አባቷ።

«እሺ አልኩ! እሺ!»

ቆጠራው ስንት ላይ እንደ ደረሰ ያስታወሰ አልነበረም። ዳኛዋ «በሉ ቶሎ በሉ፣ ዘበኛው እየጠበቀን ነው» አሉ። ሙጫው ከያዘ ቆይቷል፤ እሷም ታውቃለች። ግን የእሱ ጣት ገና ከላይ ነበርና እጇን አላነሣችም።